«እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» በካምፕ ክሊኒክ የማይጠየቀው ጥያቄና ሳይታወቅ የሚቆረጠው ሥልጠና

እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በየካምፑ የሚወራው ስለ ቅነሳ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጃንዋሪ 20 የውጭ እርዳታን ካገደ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በካኩማ በራሽንና በውኃ ቅነሳ ምክንያት በማርች ወር ሰው አደባባይ ወጣ። በሜይ ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኡጋንዳ ለአንድ ሚሊዮን ስደተኞች ይሰጥ የነበረውን ምግብ አቋረጠ። ድስት ባዶ ሲሆን የማያውቅ የለምና ይህን ማንም አይስተውም። ዛሬ የምናነሳው ግን ድምፅ ሳያሰማ የሚቆረጠውን ነገር ነው። እሱም በየክሊኒኩ ለሚያክሙን ባለሙያዎች የሚሰጠው ተከታታይ የሙያ ሥልጠና ነው።

«የእነሱ ሥልጠና እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት አንድ ጉዳይ ብቻ እንውሰድ፤ እንቅልፍን። በካምፕ ውስጥ «እንቅልፍ አጣሁ» የማይል ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ያለፈው እየመጣበት፣ ሌላው የነገው እያስጨነቀው፣ ሌላው በሙቀትና በትንኝ፣ ሌላው ደግሞ በራሱ ባላወቀው በሽታ ያድራል። ይህ ሰው ክሊኒክ ሲሄድ የሚገጥመው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሁለት ጥያቄ ተጠይቆ ፍሬ ነገሩ ይገኝለታል፣ ወይ ሳይጠየቅ የክኒን ከረጢት ይዞ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ውድ መሣሪያ ወይም ትልቅ ሆስፒታል አይደለም። ባለሙያው ምን መጠየቅ እንዳለበት መማሩና አለመማሩ ነው።

የእኛ «የቤተሰብ ሐኪም» ማን ነው?

በሌላው ዓለም «የቤተሰብ ሐኪም» የሚባለው አንድን ቤተሰብ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚከታተል፣ በሽታ ሳይመጣ ለመከላከል የሚሠራ ሐኪም ነው። በአገራችን ይህ ሙያ ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ማስተማር የጀመረው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ እንዲህ ያለ ሐኪም አይተን አናውቅም።

በካምፕ ይህን ሥራ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። በኬንያ ብዙውን ጊዜ የሚያየን ክሊኒካል ኦፊሰር ነው፤ በእኛ አገር ጤና መኮንን ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ባለሙያ። እኛ «ዶክተር» እንለዋለን፣ ጎረቤቶቻችን «ዳክታሪ» ይሉታል። ከእሱ በታች ነርሶች አሉ፤ ከዚያም ከራሳችን መካከል የተቀጠሩ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች። እንግዲህ በተግባር የቤተሰብ ሐኪማችን እነዚህ ሰዎች አንድ ላይ ናቸው። ወባውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ሕፃኑን፣ ደም ግፊቱን፣ የአእምሮ ጭንቀቱን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ረጅም ሰልፍ ከበር ቆሞ እያለ ያያሉ። ስፔሻሊስት የሚባለው ሪፈራል ተጽፎ፣ ወረፋ ተጠብቆ፣ መጓጓዣ ተገኝቶ ነው። ስለዚህ እነሱ ያልጠየቁትን ሌላ ሰው ይጠይቀናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ነው።

ሐኪሞች ስለ እንቅልፍ ምን ያህል ይማራሉ?

በጣም ትንሽ። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ12 አገሮች ያሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ጠይቆ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ትምህርት ውስጥ ለእንቅልፍ የተሰጠው ጊዜ በአማካይ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከአራት ትምህርት ቤቶች አንዱ ገደማ ጭራሽ አያስተምርም። ከእነዚያ 12 አገሮች መካከል እነ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ጃፓንና አውስትራሊያ ይገኙበታል። ከአፍሪካ የገባ አንድም አገር አልነበረም። የበለጸጉት እንዲህ ከሆኑ በሦስት ዓመት ዲፕሎማ ሁሉንም በሽታ እንዲያክም የሚላከው ክሊኒካል ኦፊሰር ስለ እንቅልፍ ብዙ አለመማሩ ሊያስወቅሰው አይገባም።

በትምህርት ቤት ያልተሰጠውን የሚሞላው ከተመረቁ በኋላ የሚሰጠው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነው። በኢትዮጵያም በኬንያም አንድ የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ይህን ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። ሕጉ ጥሩ ነው። ጥያቄው ሥልጠናው ስለ ምንድን ነው፣ ማን ይከፍላል፣ ርቆ በረሃ ላይ ለሚሠራው ባለሙያስ ይደርሰዋል ወይ የሚለው ነው። ወረርሽኝ ሲነሳ የወረርሽኝ ሥልጠና ይመጣል፤ ለክትባት፣ ለወባ፣ ለኤችአይቪ የራሳቸው ፕሮግራምና ገንዘብ አላቸው። እንቅልፍ ግን የማንም ፕሮግራም አይደለም። የሚጠይቅለት ክፍል ስለሌለው ከዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባ ያልፋል።

ከአንድ ጥያቄ በስተጀርባ ያለው

እንቅልፍ የቅንጦት ጉዳይ የሚመስለው ሰው ሌሊት ለምን እንደሚነቃ ስለማይጠየቅ ነው። «እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ሌሊት ምን ያነቃዎታል?» የሚለው ጥያቄ ስንት በር እንደሚከፍት እንይ።

አንዱ «ለሽንት አራት አምስት ጊዜ እነሳለሁ፣ ውኃም ይጠማኛል» ይላል። ይህ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በጣት ደም ጠብታ ይመረመራል። ሌላው «በላብ ተነክሬ እነቃለሁ፣ ሳሉም አልተወኝም» ይላል። ይህ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ቤት ስድስት ሰባት ሆነን በምናድርበት ቦታ የእሱ መመርመር የቤቱን ሁሉ ጤና መጠበቅ ነው። ሌላዋ «ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ በትራስ ተደግፌ ነው የማድረው» ስትል የልብ ድካም ሊሆን ይችላል። «ደረቴ ሲር ሲር እያለ ሌሊት ያስለኛል» የሚለው ደግሞ አስም ሊኖርበት ይችላል።

«ሌሊት ሌሊት ያሳክከኛል፣ ልጆቹም ያካሉ» የምትል እናት አለች። እከክ ማሳከኩ የሚብሰው በሌሊት ነው። ለአንድ ልጅ ብቻ ቅባት መስጠት ዋጋ የለውም፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ይህን ያልሠለጠነ ሰው ለእናቲቱ የእንቅልፍ ክኒን፣ ለልጁ የማሳከክ ሽሮፕ ሰጥቶ ይሸኛቸዋል። ከወር በኋላ ሁሉም እያከኩ ይመለሳሉ።

ከዚያ ደግሞ የሚያንኮራፋው አለ። እኛ ዘንድ ማንኮራፋት የቤት ቀልድ ነው። ነገር ግን ሰውየው እያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ ቆሞ፣ ከዚያ ታፍኖ እንደነበረ ሰው ሲቃ ይዞት የሚነሳ ከሆነ፣ ቀን ቀን ቁጭ ባለበት እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ፣ ይህ ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው የትንፋሽ መቆራረጥ ሊሆን ይችላል። በሦስት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ያለ ደም ግፊት ካለው ሰው ላይ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ለመጠርጠር ስምንት ጥያቄ ያለው ስቶፕ ባንግ የሚባል መጠይቅ ይበቃል፤ ክብደት፣ የደም ግፊት መለኪያና የአንገት ዙሪያ የሚለካበት ሜትር ብቻ ነው የሚፈልገው። የትንፋሽ ማሽኑ በካምፕ የለም፤ እውነት ነው። ሆኖም ባለሙያው ማወቁ ይጠቅማል። ክብደት መቀነስ፣ አልኮል ማቆም፣ በጎን መተኛት ይረዳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው የሚያደነዝዝ የእንቅልፍ ክኒን መስጠት ትንፋሹን ይበልጥ ሊያፍን ይችላልና እንዳይሰጠው ያደርጋል።

መከላከል ማለት ይኸው ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለልብ ጤና ከሚመክራቸው ነገሮች መካከል እንቅልፍን ስምንተኛ አድርጎ የጨመረው በ2022 ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይተኛ የሚለው ምክርም ከዚሁ ይነሳል። በእኛ ቦታ ደግሞ ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ ሌሎች የሌሊት ምክሮች አሉ። ነፍሰ ጡር ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ስትተኛ በጀርባዋ ሳይሆን በጎኗ ብትተኛ ለልጇ ይሻላል። ሕፃን ግን በጀርባው ነው የሚተኛው። አጎበር የሚጠቅመው ሲተኙበት ነው፤ በሙቀት ምክንያት ወደ ጎን የሚጣል ከሆነ ያ መነገር አለበት። ክፍል ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ አለው። እነዚህን አራት ነገሮች ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚናገራቸው ግን የተማረ ሰው ነው።

ክኒኑ ለምን ቀለለ?

በየካምፑ ስሙን የምናውቀው መድኃኒት ዲያዘፓም ነው፤ ቫሊየም እያልን የምንጠራው። ለአንዳንድ ሕመም፣ ለምሳሌ አልቆም ላለ የሚጥል በሽታ፣ ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው። ለእንቅልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ አስደንጋጭ ነገር የደረሰበት ሰው በመጀመሪያው ወር እንቅልፍ ቢያጣ ዲያዘፓምና መሰሎቹ እንዳይሰጡት ይላል። ይልቁንም ስለ እንቅልፍ ልማድ ምክርና ሰውነትን የማፍታታት ልምምድ እንዲቀድም ይመክራል። ድርጅቱ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር በ2015 ለአስቸኳይ ጊዜ ባዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያም መድኃኒቱ የሚፈቀደው ሌላው መንገድ ሳይቻል ሲቀርና ችግሩ ከባድ ሲሆን፣ ያውም ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ለምን ይሆን እንዲህ የተጠነቀቁት? አንደኛ፣ ሰውነት ይለምደዋል፤ ትናንት አንዱ ያስተኛው ሰው ነገ ሁለት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከደም ቶሎ አይወጣም። የዲያዘፓም ግማሹ ብቻ እስኪወጣ ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ለዚህ ነው በማግስቱ ራስ የሚከብደው፣ አዛውንቶች የሚወድቁት። ሦስተኛ፣ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ አደገኛ ነው። አራተኛ ደግሞ ትክክለኛውን ችግር ይሸፍናል። የነቀርሳው ላብ፣ የስኳሩ ሽንት፣ የሐዘኑ ክብደት ከክኒኑ በታች ይቀመጣል እንጂ አይሄድም። አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ፦ ለረጅም ጊዜ ስትወስዱት የቆያችሁ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት በድንገት እንዳታቆሙ። ድንገት ማቆም ራሱ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ከባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ታዲያ መመሪያው እንዲህ እያለ ክኒኑ ለምን ይሰጣል? ክፋት አይደለም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ክኒን መጻፍ አንድ ደቂቃ ሲፈጅ መጠየቅ አሥር ይፈጃል። ታማሚውም ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም፤ ምክር ብቻ ሰጥቶ የሸኘውን ሐኪም «ምንም አልሰጠኝም» እያልን የምናማው እኛው ነን። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ባለሙያው ከክኒኑ ሌላ በእጁ ምንም መሣሪያ ካልተሰጠው በእጁ ያለውን ይሰጣል። በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒት ሳይሆን የሐሳብና የልማድ ሕክምና መሆን አለበት ብሏል። ይህን ሕክምና ለመስጠት ደግሞ መማር ያስፈልጋል።

ምን ዓይነት ሥልጠና ነው የሚሠራው?

ሥልጠና ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ሆቴል አዳራሽ፣ ሁለት ቀን፣ አበል፣ ሰርተፊኬትና ፎቶ ነው። ስለዚህ «ቢቆረጥስ ምን ቀረብን?» የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ2021 የወጣ የኮክሬን ግምገማ ከ200 በላይ ጥናቶችን መርምሮ የስብሰባና የወርክሾፕ ትምህርት የባለሙያዎችን አሠራር የሚያሻሽለው በአማካይ ወደ 7 በመቶ ገደማ መሆኑን አግኝቷል። ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም።

የተሻለው መንገድ ሥልጠናውን ወደ ሥራው ማምጣት ነው። ከሁለት ቀን ትምህርት በኋላ የሚከታተል፣ በየወሩ እየመጣ ወይም እየደወለ «እስኪ ያየኸውን ታማሚ ንገረኝ» የሚል ልምድ ያለው ሰው ያስፈልጋል። በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በ2003 የጀመሩት ፕሮጀክት ኤኮ የሚባለው አሠራር በዚህ ሐሳብ ላይ ቆሟል። በገጠር ያሉ ሐኪሞች በቪዲዮ ከስፔሻሊስቶች ጋር ይገናኛሉ፣ የራሳቸውን ታማሚ ጉዳይ ያቀርባሉ፣ ከእያንዳንዱ ጉዳይ ሁሉም ይማራሉ። ታማሚው ከቦታው አይነሳም፤ የሚጓዘው እውቀቱ ነው። ለካኩማም ሆነ ለናኪቫሌ የሚያስፈልገው ኔትዎርክ፣ አንድ ስልክና በሳምንት አንድ ሰዓት ነው።

ሁሉም ነገር በሐኪም መሠራት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሰልፍ ሄልፕ ፕላስ የሚባል ትምህርት በኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ በደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2020 ታትሟል። አምስት ጊዜ የሚሰበሰቡበት፣ በድምፅ የተቀዳ ትምህርት የሚሰማበት፣ ባለሙያ ባልሆኑ አጭር ሥልጠና በወሰዱ ሴቶች የሚመራ ነው። የተካፈሉት ሴቶች ጭንቀት ካልተካፈሉት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ ስለ እንቅልፍ ብቻ የተሠራ አይደለም። ግን በስደት ቦታ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ በራሳችን ሰዎች የሚሠራ ነገር እንዳለ ያሳያል።

ከውጭ የመጣ ምክርና የእኛ ቤት

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ችግር አለ። የእንቅልፍ ትምህርት የተጻፈው መኝታ ቤት ላለው ሰው ነው። «አልጋህን ለእንቅልፍ ብቻ ተጠቀምበት» ይላል። በእኛ ቤት ፍራሹ ቀን ሶፋ፣ ማታ አልጋ፣ በመሀል የልጆች መማሪያ ነው። «ክፍልህን ጸጥ ያለና ጨለማ አድርገው» ይላል። ግድግዳው ሸራ ወይም ቆርቆሮ ነው፤ የጎረቤት ስልክ እንኳ ይሰማል። «እንቅልፍ ካልመጣ ተነስተህ ሌላ ክፍል ሂድ» ይላል። ሌላ ክፍል የለም፤ ለሴት ደግሞ በሌሊት ከቤት መውጣት አደጋ ነው። ይህን ምክር እንዳለ የሚያነብልን ባለሙያ አልሠለጠነም ማለት ነው። የሠለጠነው ከምክሩ ውስጥ የሚሠራውን ይመርጣል፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ መቀመጥ፣ ቀን ረጅም እንቅልፍ አለመተኛት፣ የሚያስጨንቀውን ነገር ከመኝታ በፊት በወረቀት ላይ አስፍሮ ማስቀመጥ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ እዚያው ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሽን ማረጋጋት።

ባህላችንንም ማወቅ አለበት። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም ከደማችን አልወጣም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲደመር ምን እንደሚሆን መገመት ነው። ቡናውን ተዉ ማለት የጎረቤት ፍቅርን ተዉ ማለት ስለሆነ ማንም አይሰማም። «ቡናውን ወደ ጠዋት አምጡት» የሚል ምክር ግን ይሰማል። ጫትም እንዲሁ ነው። ከሰዓት የቃመ ሰው ሌሊቱን ዓይኑ ፈጦ ያድራል፤ ያንን ለመስበር አልኮል ወይም ቫሊየም ይጨምራል፤ ጠዋት ደንዝዞ ይነሳና እንደገና ጫት ይፈልጋል። ይህን ዙር ያልጠየቀ ሐኪም የሚያክመው ግማሹን ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ዱካክ አለ። ሰው ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ ሲያቅተው፣ ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠበት ሲመስለው «ዱካክ ያዘኝ» እንላለን። ጫት ያቆመ ሰውን የሚጎበኘውን ክፉ ሕልምም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በሕክምና የመጀመሪያው ስሊፕ ፓራሊሲስ ይባላል፤ ያስፈራል እንጂ በራሱ አይጎዳም፣ እንቅልፍ የጎደለው ሰውን ይበልጥ ይጎበኛል። አሁን ይህን ነገር አስተርጓሚ «ሰይጣን ይመጣበታል» ብሎ ወደ ስዋሂሊ ሲመልሰው አስቡት። አንድ ጤነኛ ሰው በካርዱ ላይ የከባድ የአእምሮ ሕመም ስም ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሥልጠናው ለሐኪሙ ብቻ መሆን የለበትም። አስተርጓሚውም፣ ቤት ለቤት የሚዞረውም የራሳችን ሰው መሠልጠን አለበት።

«መጀመሪያ ምግብ» ለሚሉ

ከባድ መከራከሪያ ነው፤ ዝም ብሎ አይታለፍም። የተራበ ሰው አይተኛም። ልጆቹ ሳይበሉ ላደሩ አባት ስለ እንቅልፍ ልማድ ማስተማር ስድብ ሊመስል ይችላል። ሌሊት ዘረፋ የሚፈራ ሰፈርም የሚፈልገው መብራትና ጥበቃ ነው። እንቅልፍ ማጣትን ሁሉ በሽታ ማድረግ ራሱ ስሕተት ነው፤ አንዳንዱ ለእውነተኛ አደጋ የሚሰጥ ጤናማ መልስ ነው።

ግን ይህ ክርክር ሥልጠናን የሚቃወም ሳይሆን የሚደግፍ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ነው «ይህ ሰው የተራበ ነው፣ ክኒን አይጻፍለት» የሚለው። የሠለጠነ ባለሙያ ነው ከአንድ ብሎክ የመጡ አሥር ሴቶች በፍርሃት እንደማይተኙ አይቶ ለጥበቃ ክፍል የሚያሳውቀው። ያልሠለጠነው ረሃብንም ፍርሃትንም በዲያዘፓም ይሸፍናል፤ በሪፖርቱ ላይ የሚታየው «ታከሙ» የሚል ቁጥር ነው። በጀት ሲጠብ ደግሞ መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ ሥልጠናውና የምክር አገልግሎቱ ይቀነሳል። መድኃኒት በሣጥን ይቆጠራል፤ ጥሩ ጥያቄ ግን አይቆጠርም።

ጊዜው ለምን አሁን ነው?

በኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግን ተከትሎ ሺሪካ ፕላን የተባለው ዕቅድ በማርች 2025 ይፋ ሆኗል። የዕቅዱ አቅጣጫ በረድኤት ድርጅቶች ይሰጡ የነበሩ አገልግሎቶች፣ ጤናን ጨምሮ፣ ቀስ በቀስ ወደ መንግሥትና ወደ ካውንቲ እንዲዞሩ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ስደተኛና ነዋሪ በአንድ ጤና ጣቢያ መታከም ከጀመሩ ቆይቷል። ስለ ዕቅዱ ጥሩም መጥፎም የሚባል ብዙ ነገር አለ። ከጤና አንጻር ግን አንድ ዕድል አለው፦ ለካውንቲው ባለሙያዎች በሚሰጠው ተከታታይ ሥልጠና ውስጥ የስደተኛው ችግር አብሮ ሊገባ ይችላል። የቱርካና አርሶና አርብቶ አደርም እንቅልፍ ያጣል፣ ደም ግፊትም አለበት፤ የሚጠቅመው ለሁለቱም ነው። ርክክቡ ሲደረግ ሕንፃውና አምቡላንሱ ብቻ ተቆጥሮ ሥልጠናው ካልተጻፈ ግን በመሀል ይወድቃል።

በዚሁ ላይ የተዘነጋ ሀብት አለ፤ በመካከላችን ያሉ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች። ብዙዎቹ በኢንሴንቲቭ ክፍያ ይሠራሉ ወይም ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ዱካክን ማንም ሳያስረዳቸው ይገባቸዋል። ነገር ግን ተከታታይ ሥልጠናው በሚቆጠርበት ሥርዓት ውስጥ ስለሌሉ በአገራቸው ያገኙት ፈቃድ ጊዜው ያልፋል፣ በአዲሱ አገር ያለውም በር ጠባብ ነው። በክሊኒኩ የሚሰጠው ሥልጠና ለእነሱም ክፍት ቢሆንና የተሳተፉበት በወረቀት ቢመዘገብላቸው የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። ነገ ወደ አገር ቢመለሱም፣ ወደ ሦስተኛ አገር ቢሄዱም ያ ወረቀት ያገለግላቸዋል።

እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

የማኅበረሰብ መሪዎች ከጤና ድርጅቶች ጋር በሚቀመጡበት ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «መድኃኒት የለም» የሚለው ነው። ከዚያ ጋር ሦስት ጥያቄ ይጨመር። ባለሙያዎቹ በ2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ የአእምሮ ጤና መመሪያ ሠልጥነዋል ወይ? ከሥልጠናው በኋላ የሚከታተላቸው ማን ነው? አስተርጓሚዎችስ ተካተዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ሲደጋገሙ ሥልጠና ከሚቆረጠው ዝርዝር ውስጥ ለመውጣት ዕድል ያገኛል።

እያንዳንዳችን ደግሞ ክሊኒክ ስንሄድ «እንቅልፍ የለኝም» ብቻ ብለን አንቁም። ባለሙያው ባይጠይቀንም እኛ እንንገረው፦ ስንት ቀን ወይም ወር እንደሆነው፣ እንቅልፉ መጀመሪያውኑ አልመጣ ብሎ ነው ወይስ ሌሊት እየነቃን፣ ምን እንደሚያነቃን (ሽንት፣ ሳል፣ ላብ፣ ማሳከክ፣ ቅዠት፣ ትንፋሽ ማጠር)፣ አጠገባችን የሚያድር ሰው ምን እንደሚያይ፣ ቡና፣ ጫትና አልኮል ስንት ሰዓት ላይ እንደምንወስድ፣ ሌላ የምንውጠው መድኃኒት ካለ። አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች እንቅልፍና ሕልም ያውካሉ፤ ማቋረጥ ሳይሆን መናገር ነው መፍትሔው። ልጅ ከደረሰበት ድንጋጤ በኋላ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ አይመታ፤ ይነገር። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ፣ በዚያው ቀን ብቻውን ሳይተው ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

የእንቅልፍ ክኒን ሲሰጣችሁ ደግሞ በትሕትና ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «ለስንት ቀን ነው? ከዚያ በኋላስ?» የሚመልስ ባለሙያ ካገኛችሁ ሥልጠናው ደርሶታል ማለት ነው። መልስ ካጣችሁ ጥፋቱን በእሱ ላይ አታድርጉ። ጥያቄውን ወደ ስብሰባው ውሰዱት፣ በጀቱን ወደሚቆርጡት ሰዎች። ራሽን ሲቀነስ እንደጮህነው ሁሉ፣ የሚያክሙን ሰዎች መማር ሲያቆሙም ድምፅ ማሰማት የእኛ ድርሻ ነው።